ዘጠና ስድስት ባር

እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
ማኅተሙ በእኔ ቦርሳ፣ መዝገቡ በእኔ ብብት።
አቤቱታውም ሲጻፍ የእኔው እጅ ነው የጻፈው፣
አሥራ ሰባት ፊርማ፣ አንዱ በአውራ ጣት፣ ከሥሩ ያረፈው፦

«ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ፣ የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ፣
በጠዋት ጥሩምባ ነፊ፣ የእንቅልፋችን አባራሪ፤
የውሃ ቦቴ መጣ ብለን፣ በነጠላ ጫማ፣ በፒጃማ፣
ጄሪካን አንጠልጥለን ስንወርድ ደረጃውን በጨለማ፣
ቦቴ የለም። ግቢው ባዶ፤ አንድ ውሻና አቧራ።
ሦስቴ ተሸወድን በሳምንት፤ ኮሚቴው መፍትሔ ይሥራ።»

ይዤው ወጣሁ በእግሬ። የሊፍቱ ጉድጓድ አለ፣
ሊፍቱ ነው የቀረው፤ እሱም በይደር የተዘለለ።

በሩን ከፈቱልኝ። ሹራብ፣ ከላዩ የድሮ ካቦርት፤
ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን፣ ድምፅ እንዳይወጣ የለጠፉት፤
ከመዝጊያው ሥር ብርድ ልብስ፣ በመስኮቱ ግማሽ ፍራሽ።
ለካ እኛ ያንን ሁሉ ስንሰማ
የሰማነው ትራፊውን ነበር።

«ጥሩምባ አይደለም፣ ትሮምቦን ነው» አሉኝ ሳያነቡት ጨርሰው፣
«መጀመሪያ ይህን አርሚው።» አረምኩት፤ ሰርዤ፣ ከላይ ጽፌው።

አልጋው ላይ ተጋድሟል፣ አንሶላ ለብሶ፣ እንደ ሰው።
ቁልፍ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ክንድ ነው የሚያናግረው፤
ሲዘረጉት ይወፍራል፣ ሲሰበስቡት ይቀጥናል፣
ሰባት ማረፊያ አለው በአየር ላይ፤ ምልክት የለም፣ በልብ ይጠናል።
ሰባተኛው ላይ አይደርሱም ዛሬ፤ ትከሻቸው እምቢ አለ።

«ሥራችን መንፋት እንዳይመስልሽ፤ መጠበቅ ነው» አሉ፣ «ልጄ፤
ቫዮሊኖቹ ሲላቀሱ፣ እኔ ከኋላ፣ ከከበሮው ጎን፣ ትንፋሼን ይዤ
ዘጠና ስድስት ባር እቆጥራለሁ።»

ባር ሲሉኝ የመሰለኝ፣ አልዋሽም፣ መጠጥ ቤት፤
«በአንድ ሌሊት?» አልኳቸው ደንግጬ።
ሳቁ፤ እስኪያስላቸው፣ ካርቶኑን እስኪደገፉበት።

«ባር አራት ምት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ጃዙ ግን ሌላ ነበር። ማታ፣ ዩኒፎርሙን አውልቀን፣
በውሰት ከረባት፣ አንቺሆዬን በስላይድ አጣመን...
ቀን ለመንግሥት እቆጥር ነበር፣ ማታ ለራሴ እዘነጋ።»

አሁን ግን ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል። አርባ ላይ፣ ሃምሳ ላይ፣
የሟች ሚስታቸው ስም ይገባል በመሃል፣ ወይ አንድ ያልከፈሉት ዕዳ፣
ወይ ከፊታቸው ይቀመጥ የነበረ የክላርኔት ነፊ ማጅራት።
ቴፑን ከፈቱት። ካሴቱ ከሙዚቃው ሲሲታው ይበልጣል።
«ቁጠሪልኝ» አሉ።

ቆጠርኩ። አቤቱታው ላይ በጣቴ እየመታሁ፣
አሥራ ሰባቱን ፊርማ እንደ ደረጃ እየወጣሁ።
ለዕጣው አሥራ ሦስት ዓመት የቆጠብኩ ሰው ነኝ፤
መጠበቅ አታውቂም የሚለኝ የለም፤ ወረፋ ነው ያሳደገኝ።
ግን አፉ ላይ ብረት አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣
እንደዚህ ነቅቶ የሚጠብቅ አላየሁም።
ዘጠና አራት። ዘጠና አምስት። ትንፋሽ ሳቡ።
ዘጠና ስድስት፣

አራት ድምፅ። አራት ብቻ።
የመጨረሻው ሰባተኛው ማረፊያ ላይ ነበር፤ ክንዳቸው አልደረሰለትም።
ከታች፣ በደረጃው፣ ጄሪካን ሲንቋቋ ሰማን፤
ሁለታችንም ምንም አላልንም።

በቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ በይደር ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ፣
ማኅተም አሳረፍኩበት።

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ቦቴው መጣ፣ እውነተኛው፤
ነፋ፤ ማንም አልወረደም። «ሽማግሌው ነው» ብሎ ተኛ ሰው።
እኔ ግን ለየሁት። ቦቴ ዝም ብሎ ይጮኻል፤
ከጩኸቱ በፊት የጠበቀው ነገር የለም።
ሁለት ጄሪካኔን አነሳሁ፤ መውረድ ጀምሬ ተመለስኩ፣
የእሳቸውን ቢጫ ጄሪካን ከበራቸው ሥር ወሰድኩ።

ሹፌሩ እያዛጋ «ሌላው ሰው የት ሄደ?» አለኝ።
«እየቆጠረ ነው» አልኩት።

ኋላ ጮኼ ቀስቅሻቸዋለሁ፤
ግን ሦስቱም ከሞሉ በኋላ ነው።